የአባቴ አፈር በወንፊት

ሰው ተከራክሮ ሲያሸንፍ ቤቱ ገብቶ ይቀመጣል። እኔ ተከራክሬ አሸነፍኩና ቤቴን አሸክሜ ወጣሁ። ልጆቼ ይህን ነገር በየሰርጉ እያጣመሙ ስለሚያወሩት፣ ከሞትኩ በኋላ ደግሞ ጭራሽ ጅራት እንዳይቀጥሉለት ብዬ ራሴ ልጻፈው አልኩ። ጽሕፈቴ ደካማ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ እሱንም ከአስተማሪው ጋር ተጣልቼ በመሃል ስላቋረጥኩ አንዳንዱን ፊደል እስከ ዛሬ በግምት ነው የምጥለው። በምን ተጣላችሁ ብትሉኝ አላስታውስም። ትክክል እንደነበርኩ ግን አስታውሳለሁ።

መንደራችን ከካምባ ከተማ በላይ ዳገቱ ላይ ናት። በደርግ ጊዜ የውጭ አገር ሰዎች በመኪና ብረት ጭነው መጡና ከመንደሩ በታች፣ ገደሉ አፍ ላይ አንድ ወፍጮ ተከሉ። እህል የሚፈጭ መስሏቸው ሴቶች ገብስ ተሸክመው ሄደው ነበር፤ የኔም ሚስት አንዷ ናት። ወፍጮው የሚፈጨው ግን ድንጋይ ነበር። ከተራራው ይፈልጣሉ፣ ይፈጩታል፣ በሚኮመጥጥ ውሃ ያጥቡታል፣ የሚፈልጉትን በበርሜል ይወስዳሉ፣ የቀረውን ግራጫ ዱቄት ከወፍጮው ጀርባ ይደፉታል። ምን እንደሚፈልጉ አልነገሩንም። ወርቅ ነው የሚል ነበር። እኔ የሲሚንቶ ድንጋይ ነው ብዬ ከሰው ሁሉ ተከራክሬያለሁ። ዩራኒየም የሚባል ነገር መሆኑን የሰማነው ሰዎቹ ከሄዱ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

መንግሥት ሲለወጥ ወፍጮው ቆመ። ብረቱ ቀስ በቀስ ወደ መንደሩ ወጥቶ በርና አጥር ሆነ፤ የዱቄቱ ክምር ግን እዚያው ቀረ። አንዱ ከእበት ጋር ለውሶ ቤቱን ለቀለቀበትና አይሰነጠቅም አለ። ከዚያ በኋላ መንደሩ በሙሉ ጆንያ ይዞ ወረደ። ከኔ በታች ያለው ጎረቤቴማ ወለሉን አሳምሮ ለቅልቆበት፣ በገባሁ ቁጥር «እግርህን ጥረግ» ይለኝ ጀመር። እኔ አንድ እፍኝ አልወሰድኩም። ብልህ ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ። ጎረቤቴ ቀድሞኝ ስለወሰደ ነው። እሱ የጀመረውን እኔ አልከተልም፤ ከልጅነታችን ጀምሮ እንዲህ ነን።

በሰማንያዎቹ መጨረሻ አካባቢ ሊያጸዱ የመጡት ደግሞ ሌሎች ናቸው። አርባ ምንጭ ቢሮ ከፍተው፣ እኛ ዘንድ ድንኳን ተከሉ። ዱቡሻ በምንለው፣ ሽማግሌ ተቀምጦ ነገር በሚቆርጥበት ሜዳ ሰበሰቡን። ዱቄቱ የማይታይ ጨረር አለው አሉን፤ ዛሬ አይቆርጥም አያቃጥልም፣ እየዋለ እያደረ ግን ሰው ይጎዳል። ስለዚህ ወፍጮው ያመጣውን ሁሉ ገፈው አንድ ጉድጓድ ውስጥ ሊቀብሩት ነው። በዚህ ምክንያት ቤቱ ለሚፈርስበት ሰው ባለ ቆርቆሮ ቤት ይሠራለታል። ነገር ግን አገራችሁ ራሱ ይህ ድንጋይ ያለበት አገር ነው አሉ፤ የምናነሳው ወፍጮው ያመጣውን ነው፣ እግዚአብሔር ያስቀመጠውን ማንሳት የኛ ሥራ አይደለም።

ጎረቤቴ ተነስቶ ሁለቱን በምን ትለያላችሁ ብሎ ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ነበር። እሱ ስለጠየቀው ግን ሳቅኩበት።

የምትለካው ባለሙያ ወጣት ሴት ነበረች፣ ሱሪና ቦት ጫማ ያደረገች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ። መለኪያዋ በእጅ የምትያዝ ሳጥን ናት። ጨረር ስታገኝ እንደሚቆላ ገብስ ትንጣጣለች። ባለሙያዋ ከቤት ቤት ስትዞር መንደሩ እንደ ንግሥ ተከትሏት ይዞራል። ጎረቤቴ ቤት ስትገባ ሳጥኗ ተንጣጣች፤ ሰውየው በዚያ ባሳመረው ወለል ላይ አንገቱን ደፋ። እኔ እጄን አጣጥፌ በሬ ላይ ቆሜ ጠበቅኳት። ከኔ ግቢ የወፍጮው ዱቄት በጫማ ተጣብቆ እንኳን አልገባም ብዬ ሕዝብ እንዲሰማ ጮክ ብዬ ተናገርኩ።

ሳጥኗን ደጃፌ ላይ ዝቅ ስታደርጋት ገብሱ መቆላቱን ትቶ ተቃጠለ ማለት ይሻላል። ወደ ውስጥ ስትገባ ባሰባት።

ጎረቤቴ አንገቱን ቀና አደረገ። «ወንድሜ፣ ለመሆኑ በስንት አህያ አጋዝከው?» አለኝ።

እንዲያ ሰው ሲስቅ አይቼ አላውቅም። ሕፃን ያዘለችው ሳቀች፣ የታዘለው ሳቀ። ለስንት ዓመት «እኔ የሰው ትርፍራፊ አልነካም» እያልኩ ደረቴን የነፋሁ ሰው በስውር ያጋዝኩ ተባልኩ። ያ አንድ ነገር ነው። ሁለተኛው ግን ሆድ የሚነካ ነበር። ቤቴ ያለው ከጉብታው ጫፍ ነው፤ ከቤቴ ሥር ቁልቁል እንሰቴ ይወርዳል። እንሰት ደግሞ ዛሬ ተተክሎ ነገ አይበላም፤ ከቦታ ቦታ እየተነቀለና እየተተከለ ዓመታት ይጠብቃል። የኔ ትልልቆቹ ሊደርሱ ምንም አልቀራቸውም ነበር። ከወፍጮው የተጋዘ ዝቃጭ ነው ከተባለ አፈሩን የሚገፈው መኪና ወደ ጉብታው የሚወጣበት ሌላ መንገድ የለም፤ በእንሰቴ ላይ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ነገሩ እንዲህ ነው፦ ዝቃጭ ከሆነ ስሜም እንሰቴም ሄደ። የእግዚአብሔር ድንጋይ ከሆነ ሁለቱም ቆሙ።

ሚስቴ ግን ሌላ ሒሳብ ነበራት። ዝቃጭ ከሆነ ቆርቆሮ ቤት አለ። የጎረቤቴ ሚስት የቆርቆሮውን ነገር ወንዝ ላይ ስታወራ ሰምታ መጥታ፣ የቀርከሃ ጣሪያችንን ቀና ብላ አይታ «ይንጠባጠባል» አለች። በጋ ነበር።

ባለሙያዋን ሳጥንሽ ውሸታም ናት አልኳት። አልተቆጣችም። ደጄ ላይ ካለው ድንጋይ ተቀመጠችና ሳጥኗን አጠፋች።

«ሳጥኗ አልዋሸችም፤ ግን ሁሉን አታውቅም» አለችኝ። «ይሄውልዎት አባባ፣ ዩራኒየም እናት ናት። ቀስ እያለች ትወልዳለች፣ ልጆቿም ይወልዳሉ። የሚጮኹት ልጆቹ ናቸው፤ እናትየዋ ያን ያህል ድምፅ የላትም። ወፍጮው የሚፈልገው እናትየዋን ነበር። እሷን ወስዶ ልጆቹን ሜዳ ላይ ደፋቸው። እኔ በዚች ሳጥን የምሰማው የልጆቹን ለቅሶ ነው። እናታቸው አብራቸው ትኑር ወይ ትወሰድ ሳጥኗ አትነግረኝም።»

ታዲያ ማን ይነግርሻል አልኳት። አዲስ አበባ ያለ ላቦራቶሪ ነው አለች። አፈሩን ይልኩታል፤ እናትየዋ ለልጆቿ በሚገባ ልክ ከተገኘች የተፈጥሮ ነው፣ ልጆቹ ያለ እናት ከተገኙ የወፍጮ ዝቃጭ ነው።

ነገሩ ገብቶኛል። አሁንም ለሰው ሳስረዳ የምናገረው የሷኑ ቃል ነው። ያኔ ግን ገባኝ ማለት እንደ መሸነፍ መሰለኝና፣ እኔ የአባቴን አፈር በዓይኔ ለይቼ አውቃለሁ፣ አዲስ አበባ ድረስ የሚያስኬድ ነገር የለም አልኳት። አርባ ምንጭ ወርጄ አለቆችሽ ፊት አሳይሻለሁ ብዬ ጨመርኩበት። ማንም ና አላለኝም።

ሁለት የማዳበሪያ ጆንያ አዘጋጀሁ። አንዱን ከደጄ ሥር ቆፍሬ ለሚስቴ ሰጠኋትና አፉን በእንሰት ቃጫ አሰረችው። ሌላውን ከወፍጮው ክምር ጫፍ በችኮላ ዝቄ በገመድ አሰርኩት። ከካምባ ጭነት በያዘ አይሱዙ ላይ ወጥተን፣ ሚስቴ በቃጫው ጆንያ ላይ ተቀምጣ፣ እኔ በገመዱ ላይ ተቀምጬ አርባ ምንጭ ገባን። አሁን ሳስበው ያን ሁሉ መንገድ በምን ላይ ተቀምጠን እንደሄድን ይገባኛል። ያኔ ያሰብኩት የምናገረውን ነበር።

ቢሮው ግቢ ስንደርስ ዘበኛው ምን እንደያዝን ጠየቀ። ማስረጃ ነው አልኩት። ባለሙያዋ ወጣች፣ አለቃዋ ወጣ፣ ጸሐፊዎቹ በመስኮት ብቅ አሉ። ሳጥኗ መንጣጣት ስትጀምር በመስኮት ብቅ ያሉት ገቡ። እኔ እንደ መንደራችን ሹም፣ እንደ ሀላቃ፣ በትሬን መሬት ላይ ተክዬ ተናገርኩ። በቃጫ የታሰረው ከቤቴ ነው፣ በገመድ የታሰረው ከወፍጮው ነው፤ አሁን ጀርባዬን እሰጣችኋለሁ፣ ከሁለቱም ዘርግፉና የቱ የማን እንደሆነ እነግራችኋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ማንም ሰው ሌባ ነው እንዳይለኝ አልኩ። አለቃው ምሳ ሊሄድ ሰዓቱን እያየ ነበር፣ ግን ቆመ።

ዘረገፉ። ዞርኩ። አንዱ እንደ ጤፍ ዱቄት የላመ ነው። አንዱ ጠጠር ያለበት፣ ሻካራ ነው። ወፍጮ የሚያወጣው ዱቄት ነው፣ ይህን ሕፃን ያውቀዋል። ሻካራው አጠገብ ተንበረከክሁና ቆንጥሬ ወደ ምላሴ ላደርሰው ስል ባለሙያዋ እጄን ቀለበችው። ሳልቀምሰውም አውቀዋለሁ ብዬ መዳፌን ጣልኩበት።

«ይሄ ነው የአባቴ አፈር።»

መጀመሪያ የሳቀው ዘበኛው ነው። ባለሙያዋ ከንፈሯን ነክሳ የጆንያውን አፍ አሳየችኝ፤ ገመድ ነው። የአባቴ አፈር ብዬ የተንበረከክሁለት የወፍጮው ዝቃጭ ነበር፤ ከክምሩ ጫፍ ስዝቅ ከሥር ጠጠር ገብቶበታል። ታዲያ ከደጄ የቆፈርኩት፣ ድንጋይ የበዛበት አፈር እንዴት ዱቄት ሆነ? ወደ ሚስቴ ዞርኩ። እሷ ከግቢው ማዶ የጫሞን ሐይቅ ታያለች።

«ነፋሁት» አለች ሳትዞር። «ባለሥልጣን ፊት ጠጠር ይዘህ ልትቀርብ ነበር?»

እኛ ዘንድ ለእንግዳ ያልተነፋ ዱቄት አይቀርብም፤ ነውር ነው። እሷ ደግሞ አፈሩን በቤቱ ወንፊት፣ የገብስ ዱቄት በምትነፋበት፣ ድንጋዩን እየለቀመች እየጣለች ጥሩ አድርጋ ነፍታዋለች። ባለሙያዋ ሳቋን ትታ ደነገጠች። ያ ወንፊት ዳግመኛ እህል እንዳይነካ፣ ስመጣ እወስደዋለሁ አለች። ሚስቴ ምትክ ይሰጣት እንደሆነ ጠየቀች። አለቃው የተነፋ አፈር ለላቦራቶሪ አይላክም፣ ድንጋዩ ተለይቶ ከወጣ ልኩ ይዛባል፣ እንደገና ከቦታው ይቆፈር ብሎ ምሳውን ሊበላ ሄደ።

እኛም ሐይቁ ዳር ወርደን አሣ በላን። ሚስቴ በላች ማለቴ ነው። እሷ አጥንቱን እየለየች በደስታ ስትበላ እኔ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ አያታለሁ። እስከ ዛሬ ያልጠራልኝ አንድ ነገር አለ። አፈሩን የነፋችው ለባለሥልጣን አክብሮት ነው ወይስ ዱቄት መስሎ ቆርቆሮ እንዲያመጣላት? ያን ጊዜ ጠየቅኳት። ካረጀን በኋላም ጠየቅኳት። ሁለቱንም ጊዜ «አሣው ይቀዘቅዛል» ነው ያለችኝ፤ ሁለተኛው ጊዜ አሣ አልነበረም።

ባለሙያዋ ቃሏን ጠብቃ መጣች። ከደጄም ከቤት ውስጥም ራሷ ቆፍራ፣ ድንጋዩን ከነአፈሩ በከረጢት አሽጋ ላከችው። ወንፊቱንም ወሰደች። መልሱ እስኪመጣ ክረምቱ ገብቶ ወጣ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ጎረቤቴ ባገኘኝ ቁጥር ከሰላምታ በፊት ስለ አህያዎቼ ጤና ይጠይቀኛል። የሱ ቤት ፈርሶ፣ ወለሉ ተገፎ፣ አዲስ አፈር ተደልድሎ ቆርቆሮው ተመታ። ሚስማሩ ሲመታ እኔ እንሰቴ ውስጥ ገብቼ የማይታረም ነገር አርማለሁ።

መልሱ ዱቡሻው ላይ ተነበበ። የኔ ቦታ፣ አለች ባለሙያዋ፣ እናትየዋ ከነልጆቿ ሙሉ በሙሉ ያለችበት ነው። ማንም ያላመጣው፣ ማንም ያልነካው የተፈጥሮ ድንጋይ ነው። ስለዚህ የጽዳቱ ሥራ አይመለከተውም፤ መኪናውም ወደ ጉብታው አይወጣም።

ተነስቼ ንግግር አደረግኩ። ረጅም ነበር። ስላልሰረቀው እጄ፣ ስለ አባቴ አፈር ንጽሕና፣ ስለ አንዳንድ ሰዎች ወለል፣ ስለ አህያም ተናገርኩ። ጎረቤቴ ተነስቶ እጄን ጨበጠኝና ይቅር በለኝ አለ። ያ ይበቃኝ ነበር። እኔ ግን ሰው ሁሉ ቤቴ መጥቶ ቦርዴ እንዲጠጣ ጠራሁ። ያ ከውስጥ ገብሱ የሚቆላበት ቤት ሞልቶ ሲጠጣ ባለሙያዋ ብቻ ደጅ ቀረች። ግቢ እንጂ ልጄ፣ የተረጋገጠ ነው፣ የእግዚአብሔር ነው አልኳት።

«አባባ» አለችኝ፣ «የኛ ሥራ አይደለም አልኩ እንጂ ይተኙበት አላልኩም።»

ልጆቹ እናታቸው ኖረችም ተወሰደችም ያው ይጮኻሉ አለች። ድንጋዩ ይተነፍሳል፤ ትንፋሹ በዓይን አይታይም፣ ሽታም የለው፤ የናንተ ቤት ደግሞ መስኮት የለውም፣ ሁሉም ውስጥ ይከማቻል። የሚጎዳው ሳንባ ነው። ወፍጮ ያመጣው ቢሆን እኛ እናነሳልዎት ነበር፤ ይህን ግን ማንም አያነሳም፣ የሚነሱት እርስዎ ነዎት።

አባቴ በዚህ አፈር ላይ ኖሮ፣ አርጅቶ፣ በትር ይዞ ነው የሞተው አልኳት። አፌ ውስጥ ያለውን ቦርዴ እንኳን አልዋጥኩም ነበር፣ ሚስቴ ከኋላዬ መጣች።

«አባትህ እዚህ መቼ አደሩ? የሳቸው ቤት ከታች፣ ምንጩ አጠገብ አልነበር? ምስጥ ሥሩን ሲበላው አሸክመህ እዚህ ያወጣኸው አንተ። ሽማግሌዎቹ ሣር የማይወደው ጉብታ ነው ሲሉህ የጎረቤቴን ጣሪያ ከላይ ማየት እፈልጋለሁ ያልክ አንተ።»

ይህን ሁሉ በሰው ፊት ነው የተናገረችው። ባለሙያዋ ሳጥኗን ይዛ ቁልቁል በእንሰቱ መሃል ወረደች፤ እኔም ልክደው ስል ተከተልኳት። እየወረድን ሳጥኗ እየደከመች ሄደች። እንሰቱ ሥር ዝግ ብላ፣ ምንጩ አጠገብ፣ የአባቴ ቤት ከነበረበት ክብ ቦታ ስንደርስ አልፎ አልፎ አንዲት ጠብ የምትል ድምፅ ብቻ ቀረች። ያቺማ በየትኛውም አገር አለች አለችኝ። ቆሜ አዳመጥኩ። ዝምታ እንደዚያ አናዶኝ አያውቅም። እንግዲህ የአባቴ አፈር ይሄ ነው። ስምልለትና ስገዘትለት የከረምኩት ደግሞ የኔ ጉብታ ነው።

ለጥቂት ጊዜ መስኮት እቆርጣለሁ እያልኩ ቆየሁ። ሚስቴ አልተከራከረችም። አልጋ ልብሷን ይዛ ሄዳ የጎረቤቴ ሚስት ጋ፣ ቆርቆሮው ሥር ማደር ጀመረች። አንድ ጠዋት እኔ ራሴ ሄጄ የጎረቤቴን በር አንኳኳሁ። ገና አፌን ሳልከፍት «መቼ እናንሳው?» አለኝ። ስለ አህያ አልጠየቀኝም፤ ያ ነው የከበደኝ።

ቤታችን ቀርከሃ ተጠልፎ የተሠራ ስለሆነ እንደ ትልቅ ቅርጫት ነው። ሥሩ ይቆረጣል፣ ረጃጅም እንጨት ይታሰርበታል፣ ወንዶቹ ውስጥ ገብተው ያነሱታል። ከውጭ ለሚያየው ቤቱ እግር አውጥቶ የሚሄድ ነው የሚመስለው። ውስጥ ያሉት አያዩም፤ ባለቤቱ ከፊት ሆኖ ግራ ቀኝ እያለ ይመራል። እኔ ፊቴን ወደ ቤቱ አዙሬ የኋሊት እየሄድኩ ነበር የምመራው። የኔ ግራ የነሱ ቀኝ መሆኑን ጎረቤቴ ከውስጥ ጮኾ ነገረኝ። እኔ ነኝ የምመራው አልኩት። ከእንሰቱ ጥግ ጥጉን፣ አንዲትም ሳንረግጥ ወረድን። ምንጩ አጠገብ ዙሩ አልኩ፣ ዞሩ፤ አስቀምጡ አልኩ፣ አስቀመጡ።

ወንዶቹ በየሥሩ እየሾለኩ ወጥተው ላባቸውን ጠረጉና አዩት። ወደ ምንጩ ሊያይ የታሰበው በር የሚያየው በቀጥታ የጎረቤቴን ቤት ነው።

ጎረቤቴ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቤቱን አየ፣ የራሱን ቆርቆሮ አየ፣ እኔን አየ። «እናዙረው፤ ገና ትከሻችን አልቀዘቀዘም» አለኝ።

«እንዲህ ነው የፈለግኩት» አልኩት።

ቆጮውና ዳጣው ቀረበ፣ በሉ፣ ሄዱ። እንሰቱ ደርሶ ለዓመታት አበላን። ጉብታው ላይ ዛሬም ማንም አይኖርም፣ ሣርም አልወደደውም። ጠዋት በሬን ስከፍት ፀሐይ ከጎረቤቴ ቆርቆሮ ላይ ተንጸባርቃ መጀመሪያ የምትገባው ዓይኔ ውስጥ ነው። ሚስቴ ከኋላዬ «ቤቱ ዛሬም ይዞራል፣ ሰዎቹ አልሞቱም» ትለኛለች። እኔም ዓይኔን ጨፍኜ፣ ብርሃኑ ደስ ይላል እላታለሁ።